ቢራው ሊጡን አያነሳውም

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ የፒዛ ሊጥ በቢራ ሲቦካ ይጣፍጣል፣ እርሾም አያስፈልገውም ሲሉ ሰምቼ ሞከርኩ። አንድ ጠርሙስ ቢራ ወሰድኩ። የሚበሉት ልጆች ስለሆኑ አልኮሉ ይውጣ ብዬ ግማሽ እስኪቀር አፈላሁት። ከዚያ አቀዝቅዤ ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት አቦካሁበት፤ የጎደለውን በውኃ ሞላሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ኦቨን ስለሌለኝ በምጣድ ጋገርኩት። ቂጣ ሆነ፤ ያውም የሚመር ቂጣ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ልጆች ቢበሉትስ ችግር አለው?»

እህቴ፣ የተሳሳትሽው ሁለት ቦታ ነው። እርሾ አልጨመርሽም፤ ቢራውን ደግሞ አፈላሽው። ምጣዱ ምንም አላጠፋም፤ እሱ ላይ እንመለሳለን።

ከእርሾው ልጀምር። «ቢራ በእርሾ ነው የሚጠመቀው፣ ስለዚህ ሊጥ ያነሳል» የሚለው ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪዎች ከጠማቂዎች ዘንድ የቢራ አረፋ እየወሰዱ ያቦኩ ነበር። አረፋው ውስጥ ያለው እርሾ በሕይወት ስላለ ሊጡ ኩፍ ይል ነበር። የዛሬው የጠርሙስ ቢራ ግን ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካው ጠምቆ ሲጨርስ ያጣራዋል፤ እርሾው ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ከዚያ ጠርሙሱ ታሽጎ 60 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሙቀት ውስጥ ለደቂቃዎች ያልፋል። ከማጣሪያው ያመለጠ እርሾ ቢኖር እንኳ እዚያ ያልቅለታል። ቢራ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ወራት ተቀምጦ የማይኮመጥጠውም ለዚህ ነው። ፋብሪካው እዚሁ ጎንደር ያለው ዳሸንም ይሁን ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ክዳኑ የታሸገ ተራ ቢራ ሁሉ በዚህ በኩል አንድ ነው። ድራፍትስ? ብዙውን ጊዜ እንደ ጠርሙሱ አይሞቅም፤ ግን እሱም ተጣርቷል። አንድ ጃምቦ ድራፍት ሊጤን ያነሳልኛል ብለሽ እንግዳ እንዳትጠሪ።

ስለዚህ ቢራው የሚተካው ውኃን ነው፤ እርሾን አይተካም። ይህቺን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው።

«ታዲያ ጋዙስ?» ትዪኝ ይሆናል። ጋዙ ሊጡን ስታሺው አብዛኛው ይወጣል። የቀረው አንድ ሊጥ ለማንሳት አይበቃም። እርሾ ሳይገባበት በቢራ ብቻ የሚጋገር ዳቦ አለ ሲሉ ሰምተሽ ከሆነ፣ ዱቄቱ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር አለ። ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው፤ ምስጋናውን ግን ቢራ ይወስዳል። እንዲያ ያለው ሊጥ ለስላሳ ኬክ ነገር ይሆናል። እንደ ፒዛ ተስቦ አይዘረጋም።

አሁን ወደ ምሬቱ። ቢራ ውስጥ ሆፕ የሚባል ተክል አበባ አለ። ለቢራ ሆፕ ማለት ለጠላ ጌሾ እንደማለት ነው፤ ያመርረዋል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ቢራ ስታፈዪ የሚተነው ውኃውና አልኮሉ ነው። መራራው ነገር አይተንም። ግማሽ ጠርሙስ እስኪቀር ስታፈዪ የአንድ ጠርሙስ ምሬት በግማሽ ጠርሙስ ውስጥ ሰበሰብሽ ማለት ነው። ጌሾውን ትተሽ ውኃውን ብቻ ከጠላው ብትቀንሺ ምን እንደሚሆን አስቢው። ለልጆች ብለሽ ያደረግሽው ነገር ለልጆች የማይበላ አደረገው።

እንግዲህ አያነሳ፣ ሲፈላ ይመራል፤ ቢራ ሊጥ ውስጥ ምን ይሠራል? ሦስት ነገር አውቅለታለሁ። የብቅል ጣዕም ይሰጣል፤ የተቆላ እህል የሚመስል፣ ዳቦ ዳቦ የሚል ሽታ። ትንሽ አሲድነት ስላለው ሊጡ ቶሎ የቆየ ይመስላል፤ አድሮ እንደቦካ ዓይነት ጣዕም በሁለት ሰዓት ታገኛለሽ። ደግሞ ከብቅሉ የተረፈው ነገር ቅርፊቱን ቶሎ ያቀላዋል። በዚህ አጋጣሚ፣ «የቢራው ስኳር እርሾውን ይመግበዋል» የሚሉትን ብዙ አትስሚ። የሚበላውን ስኳር የቢራው እርሾ ፋብሪካ እያለ በልቶ ጨርሶታል። የቀረው በአብዛኛው የዳቦ እርሾ የማይነካው ነው። የአንቺ እርሾ የሚበላውን ከዱቄቱ ያገኛል፤ አትዘኝለት።

ይህ የጣሊያን ወግ እንዳይመስልሽ። የናፖሊ ሰዎች ፒዛቸውን የሚያቦኩት በዱቄት፣ በውኃ፣ በጨውና በእርሾ ብቻ ነው፤ ቢራውን አጠገቡ ይጠጡታል። እኛ ጋ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደር ተቀምጦ ሲሄድ ፒያሳን፣ ፉርኖንና ስጎን ትቶልን ሄደ፤ የቢራ ሊጥ ግን ከእሱ አልወረስንም። ስለዚህ ሕግ አፈረስኩ ብለሽ አትሳቀቂ።

በይ አሁን እጅሽን ታጠቢና እንጀምር።

አንድ ጠርሙስ ተራ ቢራ ውሰጂ፤ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን። ከለሩ ነጣ ያለው ይሻላል። ጥቁሩ ስታውት ለፒዛ ይከብዳል። ግማሹን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቅጂ። ሌላውን ግማሽ ብርጭቆ ውስጥ አድርጊው፤ እሱ የአቡኪዋ ደመወዝ ነው። በጎንደር ከፍታ ቢራ ሲከፈት አረፋው ከቆላ አገር በልጦ ይገነፍላል። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ጋዙን የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ሳህኑን ትልቅ አድርጊው። በማንኪያ አማስዪውና ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ተዪው። አረፋው እንዳለ ከለካሽው ልኬትሽ ይዋሻል፤ ግማሹ አየር ነው። ቅዝቃዜውም ይለቀው። ትናንት ከማኅበር ተርፎ ክዳኑ የተከፈተ፣ አፍ ያልነካው ቢራ ካለሽ እንዲያውም እሱ ነው ምርጡ። ለመጠጥ ሞቷል፤ ለሊጥ ግን ተዘጋጅቷል።

የቅዝቃዜውን ነገር የማነሳው አንድ ጊዜ ስለተቃጠልኩ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሃያ ሰው ፒዛ አዘዘ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ቢራውን ከፍሪጅ አውጥቼ እንደቀዘቀዘ አቦካሁት። ሰኔ ነበር፣ ወጥ ቤቱም ብርድ ነበር። ሊጡ እንደ ድንጋይ ተኝቶ ቀረ። ሰዓቱ ሲደርስ ሳህኑን እንዳለ ሞቅ ያለ ምጣድ ላይ አስቀመጥኩት። ስከፍተው ከሥሩ በስሎ ተጣብቋል፣ ከላይ ጥሬ ነው። እንግዶቹ ጥብስ በልተው ሄዱ።

ወደ ሥራችን። በባዶው ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ለብ ያለ ውኃ ሙዪ። ጠርሙሱ ራሱ መለኪያሽ ነው፤ ግማሽ ቢራ፣ ግማሽ ውኃ። ምሬት እንዳይሰማ ለልጆች ይህ ልክ ነው። ውኃው ጣትሽን ስትከቺ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማ ይሁን። የሚያቃጥል ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ማለትም ሦስት ግራም ያህል፣ በውኃው ውስጥ ከቁንጥር ስኳር ጋር በጥብጪ። በቢራው ውስጥ አትበጥብጪው፤ አልኮልና አሲድ ውስጥ መንቃት ለእርሾም ይከብደዋል። አሥር ደቂቃ ቆይተሽ ስታዪ ላዩ ላይ ቡኒ አረፋ ከሠራ ደህና ነው። ዝም ካለ ፓኬቱ ያረጀ ነው፤ ዱቄትሽን ሳታባክኚ ሌላ ግዢ። ከተከፈተ በኋላ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ወር የከረመ እርሾ አትመኚ።

ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ላይ አሥር ግራም ጨው ነስንሺ። ሚዛን ከሌለሽ ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ሲጎድል። ቢራውን ጨምሪ፣ ቀጥሎ የእርሾውን ውኃ። ሁሉንም ውኃ በአንዴ አትድፊ። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ አስቀሪና በኋላ ዱቄቱ ከጠየቀ ስጪው። የእኛ ፉርኖ ዱቄት ከከረጢት ከረጢት ይለያያል፤ አንዱ ውኃ ይጠጣል፣ አንዱ ወዲያው ይላቁጣል። በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት።

መጀመሪያ እጅሽ ላይ ይለጠፋል። የቢራ ሊጥ ከውኃ ሊጥ ትንሽ ልል ነው፤ ደንግጠሽ ዱቄት አትጨምሪበት። ሸፍነሽው አሥር ደቂቃ ራቂው። ስትመለሺ ራሱ ሰብሰብ ብሎ ይጠብቅሻል። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል እሺው፤ በመዳፍሽ ሥር ገፋ፣ አጠፍ፣ ዞር እያደረግሽ። መብቃቱን እንዴት ታውቂያለሽ? እንቁላል የሚያህል ቁረጪና በጣቶችሽ ቀስ ብለሽ ዘርጊው። ወደ መስኮቱ ከፍ ስታደርጊው ብርሃን እያሳለፈ ሳይበጠስ ከሳሳ አልቋል። ከተቀደደ አላለቀም፤ ትንሽ ጨምሪለት።

ዘይት በተቀባ ሳህን ከድነሽ አስቀምጪው። ስንት ሰዓት? እዚህ ላይ ጎንደር ሁለት ፊት አላት። ከፍታው ሊጡን ያቻኩለዋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ በቀላሉ ይነፋዋል። ስለዚህ ቆላ አገር የተጻፈ አሠራር ሁለት የሻይ ማንኪያ እርሾ ቢልሽ አንዱ ተኩል ይበቃሻል። የክረምቱ ብርድ ደግሞ በተቃራኒው ያስተኛዋል። መጋቢት ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል እጥፍ የሆነው ሊጥ ሐምሌ ላይ ሦስት ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ቢራው ውስጥ ያለው አልኮልም ትንሽ ያዘገየዋል። ሰዓት አትመልከቺ፤ ሊጡን ተመልከቺ። መጠኑ እጥፍ ሲሆን ዱቄት የነካ ጣትሽን ጫን አድርጊበት። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ በግማሽ ከተመለሰ ደርሷል። ቶሎ ከተመለሰ ይቀረዋል። ጨርሶ ካልተመለሰ አልፎበታል፤ ፈጥነሽ ጋግሪ።

ጊዜ ካለሽ እርሾውን ወደ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቀንሰሽ ማታ አቡኪና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። በማግስቱ ጣዕሙ ሌላ ነው። መብራት ሌሊቱን ከጠፋ ግን ጠዋት ክዳኑን ገፍቶ ወጥቶ ታገኚዋለሽ፤ ትልቅ ዕቃ ተጠቀሚ።

ሦስት ቦታ ክፈዪው፣ አድቦልቡዪው፣ ሃያ ደቂቃ ይረፍ። ያላረፈ ሊጥ ስትዘረጊው እንደ ላስቲክ ይመለስብሻል። በጣቶችሽ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋሽ ዘርጊው። መዳመጫ መጠቀም ትችያለሽ፤ ግን ለሁለት ሰዓት የጠበቅሽውን አየር ጨፍልቀሽ ታስወጪዋለሽ።

አሁን ምጣዱ። አንድ ነገር አደራ፦ የእንጀራሽን ምጣድ ዘይት አታስነኪው። ዘይት የነካ ምጣድ ላይ እንጀራ ይጣበቃል፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ትልኪልኛለሽ። አምባሻ የሚጋገርበት ሌላ ምጣድ ካለሽ እሱን። ከሌለሽ ወፍራም መጥበሻ ከነክዳኑ።

ምጣዱን አግዪና ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርጊበት። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሻይ ቀለም ከያዘ ልክ ነው። ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሺ፤ የቢራ ሊጥ ቶሎ ይቀላል፣ ስለዚህ ከተለመደው ዝቅ ያለ እሳት ይበቃዋል። የተዘረጋውን ሊጥ ባዶውን ጣዪው፣ ክደኚው። ሁለት ደቂቃ ያህል። ላዩ ላይ እዚህም እዚያም እብጥ እብጥ ሲል ሥሩን አየት አድርጊ። ቡኒ ነጠብጣብ ካለው ገልብጪው። የበሰለው ፊት አሁን ወደ ላይ ሆኗል፤ ስጎውንና ችዙን የምታደርጊው እሱ ላይ ነው። ለቂጣው መድኃኒቱ ይኼ ነው። ጥሬ ሊጥ ላይ ስጎ ደፍተሽ አክንባሎ ከከደንሽበት፣ እንፋሎቱ ወደ ታች ተመልሶ ሊጡን ይቀቅለዋል።

በዚያው ምክንያት ስጎው ወፍራም ይሁን። ቲማቲሙ ውኃው ተኖ፣ ማንኪያው መንገድ ሠርቶ እስኪያልፍ ድረስ ይብሰል። አሳስተሽ ቀቢ። ችዙን ነስንሽና ከድነሽ አምስት ስድስት ደቂቃ በለዘብተኛ እሳት። በመሃል አንድ ጊዜ አክንባሎውን አንሥተሽ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። በመጨረሻው ደቂቃ ትንሽ ገርበብ አድርጊው። እውነቱን ልንገርሽ፤ በምጣድ ችዙ ይቀልጣል እንጂ እንደ ኦቨን አይቀላም። ሥሩ ግን ከብዙ ቤት ኦቨን ይሻላል፤ ቀጥታ ከትኩስ ሸክላ ጋር ነውና።

ጾም ከሆነ ችዙን ተዪና ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን ቀቀል ሳይሆን ጠበስ አድርገሽ ጫኚበት። ሊጡ ውስጥ ወተትም ቅቤም ስለሌለ ችግር የለውም። በሶብላ ከጓሮሽ ካለ ከእሳት ካወጣሽው በኋላ።

ልጆቹን በተመለከተ። ግማሽ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ፣ ጥንካሬው 5 በመቶ ቢሆን፣ 8 ሚሊ ሊትር ያህል አልኮል አለ። እሱ ለሦስት ፒዛ ይከፋፈላል፤ ሲጋገር ደግሞ ከፊሉ ይተናል። ማንኛውም በእርሾ የቦካ ዳቦም ሲቦካ ትንሽ አልኮል ይሠራል፤ ልጆችሽ ያንን ሲበሉ ኖረዋል። ስለዚህ ማፍላት አያስፈልግሽም። እኔ ለልጅ ልጆቼ በዚህ ልክ እሠራለሁ። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ዜሮ ነው ብዬ አልምልልሽም። ደስ ካላለሽ በውኃ ብቻ አቡኪው፤ ፒዛነቱ አይጎድልም።

ሙስሊም ጎረቤት ጋ የምትልኪው ከሆነ ወይም እንግዳሽ በማንኛውም ምክንያት አልኮል የማይነካ ከሆነ ጉዳዩ የመጠን አይደለም። በቢራ አትሥሪው፤ ከሠራሽም ሳትነግሪ አታቅርቢ። የብቅሉን ጣዕም ከፈለግሽ አልኮል የሌለው የማልት መጠጥ አለ፤ ጋዙን አስወጥተሽ በቢራው ፋንታ አስገቢው። ግን ልብ በዪ፣ እሱ ስኳሩ ገና አልተበላም። ከቢራ ሊጥ ይልቅ በጣም ቶሎ ያርራል። ከፈሳሹ ሢሶውን ብቻ ማልት አድርጊና እሳቱን ዝቅ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ጎንደር ተቀምጦ ስለዚህ ሳያነሱ ማለፍ ይከብዳል። ጠላ እንደ ጠርሙስ ቢራ አይደለም። አልተጣራም በሙቀትም አላለፈም፤ እርሾው በሕይወት አለ። ያለ ፓኬት እርሾ ሊጥ ማንሳት ካማረሽ ሙከራው የሚገባው እዚያ ነው። ማታ አንድ ብርጭቆ ያልቆየ ጠላ ከሥሩ ድፍርሱን አድርገሽ ቅጂና ከአንድ ብርጭቆ ዱቄት ጋር ለውሰሽ፣ ከድነሽ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሪው። ጠዋት ላዩ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ ሲሸት ኮምጠጥ ካለ፣ ቀሪውን ዱቄት፣ ውኃና ጨው ጨምረሽ አቡኪበት፤ እስከ ማታ ቀስ ብሎ ይነሳል። ጋኑ በወይራ የታጠነ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ሊጡ ውስጥ ይገባል። በማገዶ ምድጃ የተጋገረ ነው ብለሽ ብትዋሺ ማንም አይነቃብሽም። ጠዋት አረፋ ካላየሽበት ግን አትጠብቂው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ጨምሪና እራትሽን አድኚ።